ከቄጤማው ሥር



በቀዳም ሥዑር ጧት ካህናቱና ዲያቆናቱ ቃጭላቸውን እያሰሙ በየቤቱ ሲዞሩ ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመናንም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ይህም ቄጤማ ርግቢቱ ለኖኅ ይዛለት የመጣችውን ለምለም ቅጠል የሚያስታውስ መሆኑን ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። በበዓሉም ቀን በቤታችን የሚጐዘጐዘው፥ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር የሚነሰነሰው ይኸው ቄጤማ ነው። ነገር ግን ከወዴት እንደሚመጣ ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። እኛም ብንሆን እስካለፈው ፋሲካ ድረስ አልጠየቅንም ነበር። ባለፈው ፋሲካ ግን ቄጤማ በሸክም ይዘው ወደ ሰፈራችን የሚመጡትን እናት፥ «እናታችን፥ ይህን ከየት ነው የሚያጭዱት?» ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ ድሮስ ከቤቴ በታች ካለው ጨፌ ነበር የማጭደው። አሁን እርሱ ውኃው በቦይ ተጠንፍፎ ታርሷል፤ ስለዚህ ግማሽ ቀን እሄዳለሁ» ብለው ሸክማቸውን አስተካከሉ። በዋጋው ሲከራከሯቸው የነበሩት ጎረቤታችንም ዝም አሉ።

እውነቱን ለመናገር ረግረግ መሬት በእኛ ዘንድ ስሙ እንኳ የሚወደድ አይደለም። ከብት ይሰምጥበታል፤ ማረሻ አይገባበትም፤ በቆላው አገር ደግሞ የወባ ትንኝ ይራባበታል። በትምህርት ቤት ሳለንም ረግረግን አድርቆ እርሻ ማድረግ የብልህ ሕዝብ ሥራ እንደ ሆነ ተምረናል። ይህን ያስተማሩንን አንወቅሳቸውም፤ ወባ ልጁን የነጠቀው አባት ረግረግን ቢጠላ ማን ይፈርድበታል? በአውሮፓም ሆነ በእስያ ነገሩ እንዲሁ ነበር፤ ብዙዎቹ መንግሥታት ረግረግን የሚቈጥሩት ገና ያልተሠራበት ባዶ መሬት አድርገው ነበር። ይህ አሳብ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። በ1971 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የ18 አገሮች መልእክተኞች በኢራን፥ በካስፒያን ባሕር ዳር በምትገኘው በራምሳር ከተማ ተሰብስበው ረግረግንና ውኃ አዘል መሬትን ለመጠበቅ ስምምነት አደረጉ። ዛሬ ከ170 የሚበልጡ አገሮች ገብተውበታል። ስምምነቱ ሲደረግ ግን በይበልጥ የታሰበው ለውኃ ወፎች ነበር፤ ከውኃው ሥር ስላለው ነገር ያን ጊዜ እምብዛም አልተነገረም። እኛ ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው ስለዚሁ ከሥር ስላለው ነገር ነው።

ዛፍ ወይም ሣር በደረቅ መሬት ላይ ሲወድቅ ምስጡና ዐይን የማያያቸው ጥቃቅን ፍጥረታት በልተው ይጨርሱታል፤ በውስጡ የነበረውም ካርቦን የተቃጠለ አየር ሆኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል። ዘወትር ውኃ በተኛበት ስፍራ ግን እንዲህ አይሆንም። እነዚያ ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራቸውን ለመፈጸም አየር ያሻቸዋልና፥ በቆመ ውኃ ውስጥ አየር ሲያጡ ይደክማሉ፤ ቅጠሉ፥ ሥሩ፥ ግንዱ በግማሽ ብቻ በስብሶ በላይ በላዩ ይነባበራል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ጥቁር፥ ለስላሳ፥ እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚይዝ አፈር ይሆናል። ሊቃውንቱ ይህን አፈር ፒት ይሉታል። ሲደርቅ እንደ ማገዶ ይነዳል፤ እኛ ኩበት እንደምናነድ ሁሉ የአየርላንድ ገጠሬዎችም ፒቱን በጡብ መልክ ቈርጠው፥ በነፋስና በፀሐይ አድርቀው በምድጃቸው ሲያነዱት ኖረዋል።

ውኃው ምን ያህል ጠባቂ እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ታሪክ ይበቃል። በ1950 በዴንማርክ አገር ለማገዶ ፒት ይቈርጡ የነበሩ ሰዎች ከጭቃው ውስጥ የሞተ ሰው አገኙ። ፊቱ የተኛ ሰው ፊት እንጂ ሬሳ ስለማይመስል፥ በቅርብ ጊዜ የተገደለ መስሏቸው ለፖሊስ አስታወቁ። ሲመረመር ግን ከ2,000 ዓመት በላይ የቆየ ሆኖ ተገኘ። ያልተላጨው የአገጩ ጠጕር እንኳ አልጠፋም ነበር፤ በሆዱም ውስጥ ከመሞቱ በፊት የበላው የገብስና የተልባ ገንፎ ተገኘ። ሊቃውንቱ ይህን ሰው የቶሉንድ ሰው ብለው ይጠሩታል። ገብስም ተልባም ከእኛ ማጀት የማይጠፉ ናቸውና ይህን ባነበብን ጊዜ ተደንቀናል።

እንዲህ ያለው መሬት ከዓለሙ የብስ ሁሉ ከመቶ 3 ወይም 4 እጅ ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2022 ባወጣው ጥናት እንደ ተገለጠው፥ በዓለም አፈር ውስጥ ከተከማቸው ካርቦን እስከ ሢሶ የሚደርሰውን የያዘው እርሱ ነው፤ በዓለም ደኖች ሁሉ የቆሙት ዛፎች አንድነት ከያዙት ይበልጣል ማለት ነው። ካርቦኑ በዚያ ተኝቶ እስከ ቆየ ድረስ ማንንም አይጐዳም። ውኃው ሲጠነፈፍ ግን አየር ይገባል፤ ለብዙ ሺሕ ዓመት ሥራ የፈቱት ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራቸውን ይጀምራሉ፤ ወይም እሳት ይቀድማቸዋል። ከዚያም ወደ ሰማይ የሚወጣው የተቃጠለ አየር ሙቀትን እንደ ጋቢ አፍኖ ይይዛል፤ ዝናብ በወቅቱ አልመጣ ብሎ የሚቸገረው ገበሬም ከረግረጉ እጅግ ርቆ የሚኖር ሊሆን ይችላል።

ለብዙ ዘመን ፒት እንደ ሩስያ፥ እንደ ካናዳና እንደ ስኮትላንድ ያሉ የቀዝቃዛ አገሮች ሀብት መስሎ ይታይ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃት ደኖች መኖሩ ከታወቀ በኋላ እንኳ በአፍሪካ መካከል ስላለው የሚታወቀው እጅግ ጥቂት ነበር። በእንግሊዝ አገር የሊድስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳይመን ልዊስና ተማሪያቸው ግሬታ ዳርጊ ከሰማይ በሳተላይት የተነሡ ሥዕሎችን ሲመረምሩ፥ በኮንጎ ወንዝ መካከለኛ ተፋሰስ ዓመቱን ሙሉ ውኃ የማይለየው ሰፊ ደን እንዳለ ተመለከቱ። ውኃው ካልተለየው ከሥሩ ፒት ሊኖር ይችላል ብለው አሰቡ። ነገር ግን ሳተላይት የደኑን ጫፍ ያያል እንጂ ከጭቃው ሥር አያይም። ስለዚህ በ2012 ከብራዛቪል ከማሪየን ንጉዋቢ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆኑት ከሱስፔንስ አቨርቲ ኢፎ ጋር ሆነው፥ በኮንጎ ሪፑብሊክ ሰሜን ወደምትገኘው ኢታንጋ ወደተባለች መንደር ሄዱ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት እንወዳለን። ሊቃውንቱ መንደሪቱ ሲደርሱ ካርታ ነበራቸው፤ መንገድ ግን አልነበራቸውም። በዚያ ደን ውስጥ መንገድ የሚያውቁት ዓሣ የሚያጠምዱትና የሚያድኑት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። እግር የት እንደሚረግጥና የት እንደሚሰምጥ፥ ከውኃው በላይ ሆኖ ሰው ሊያድርበት የሚችለው ደረቅ ጉብታ የት እንዳለ የሚለዩ እነርሱ ናቸው። ደኑም የጎሪላ፥ የዝሆንና የአዞ ቤት ነው። ጓዙን ተሸክመው፥ ቅርንጫፉን እየመነጠሩ፥ ቀኑን ሙሉ በጭቃና በውኃ ውስጥ እየሄዱ ረጅሙን የብረት መሰርሰሪያ በክንድ ኀይል ወደ ታች ይሰዱ ነበር። ብረቱ ሲወጣ በውስጡ ጥቁር ፒት ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ በሌሎች ስፍራዎች ሲለኩ ጥልቀቱ እስከ 5.9 ሜትር የደረሰበት ቦታ ተገኘ፤ የታችኛውም ንብር ዕድሜ ሲመረመር ወደ 10,600 ዓመት ገደማ ሆነ።

የጥናቱ ውጤት በጥር ወር 2017 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ። የረግረጉ ስፋት 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ በውስጡም ያለው ካርቦን 30 ቢሊዮን ቶን ያህል እንደ ሆነ ተገለጠ። ይህም መላው ዓለም በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰል፥ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ በማቃጠል ወደ ሰማይ ከሚልከው ካርቦን ጋር የሚተካከል ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን ደስ ያሰኘን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የ2017ቱ ግምት የተመሠረተው በአንደኛው የወንዝ ዳርቻ በተለካው ላይ ነበርና፥ ሊቃውንቱ ይበቃናል ብለው አልተቀመጡም። ወደ ሌላው ዳርቻ፥ ወደ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ተሻግረው ከኪሳንጋኒ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር እንደ ገና ለኩ። በ2022 ባወጡት ጥናትም ስፋቱ ከገመትነው ይበልጣል፥ ጥልቀቱ ግን ከገመትነው ያንሳል ብለው ራሳቸውን አረሙ። አዲሱ ልክ 167,600 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ካርቦኑም 29 ቢሊዮን ቶን ነው፤ ስፋቱ ከአገራችን ከኢትዮጵያ አንድ ሰባተኛ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ሰው በአደባባይ የተናገረውን በአደባባይ ሲያርም ማየት በዘመናችን ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ነገር ነው።

ከኪሳንጋኒ ሊቃውንት አንዱ ኮርኔይ ኤዋንጎ ናቸው። እኚህ ሰው ስለ ረግረጉ ከማጥናታቸው አስቀድሞ፥ በአገራቸው የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ብዙ ሰው ሲሸሽ እርሳቸው በኦካፒ የዱር አራዊት ጥብቅ ስፍራ ቀርተው፥ ለጥናት ተሰብስበው የነበሩትን የደረቁ ዕፀዋት ከዘረፋ ያተረፉ ናቸው፤ ስለዚህም በ2005 ጎልድማን የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ ከባሕር ማዶ የመጣ ተመራማሪ አፈሩንም ቅጠሉንም በሣጥን አሽጎ ይሄድ ነበር፤ የመራውና ያሳየው ያገሬው ሰው ስም በመጽሐፉ ላይ አይገኝም ነበር። የኮንጎው ጥናት ጉድለት የለበትም አንልም፤ ነገር ግን በጽሑፎቹ ላይ የብራዛቪልና የኪሳንጋኒ መምህራን ስም ከሊድሶቹ ስም ጋር ተሰልፎ እናያለን።

በዚያው በ2022 ሌላ ጥናት ወጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን እርሱ ነው። ያኒክ ጋርሲን የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከፒቱ ንብር በንብር እየወሰዱ ዕድሜውን ቢመረምሩ፥ ከዛሬ 7,500 ዓመት ጀምሮ እስከ 2,000 ዓመት ድረስ ያለው ዘመን ከመዝገቡ ጠፍቶ አገኙት። ምክንያቱም የአገሩ አየር እየደረቀ ሄዶ፥ የውኃው መጠን ወርዶ፥ ቀድሞ የተከማቸው ፒት በስብሶ ስለ ሄደ ነው። ዝናቡ ሲመለስ እንደ ገና መከማቸት ጀመረ። ስለዚህ ያ ታላቅ ጎተራ አንድ ጊዜ በር ተከፍቶበት ያውቃል፤ ያን ጊዜም የሰው እጅ ሳይጨመርበት ነው።

የሰው እጅ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ደግሞ ኢንዶኔዥያ አይታዋለች። በፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ዘመን፥ በ1990ዎቹ አጋማሽ፥ የአገሪቱ መንግሥት በቦርኔዮ ደሴት በመካከለኛው ካሊማንታን 1 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የፒት ደን አድርቆ ሩዝ ለማምረት ተነሣ። አሳቡ ሕዝብን ለመመገብ ነበርና በክፋት የተጀመረ አልነበረም። በሺሕ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ቦይ ተቈፈረ፤ ዛፉ ተቈረጠ፤ ውኃው ወጣ። አፈሩ ግን ኮምጣጣ ስለ ነበረ ሩዙ አልበቀለም። በ1997 ድርቅ ሲመጣ የደረቀው ፒት በእሳት ተያያዘ። የፒት እሳት እንደ ሣር እሳት ነዶ የሚያልፍ አይደለም፤ ከመሬት በታች እየጨሰ ለብዙ ሳምንታት ይቆያል፤ ውኃም ቢያፈሱበት በሌላ በኩል ይወጣል። ጢሱ ወደ ጎረቤት አገሮች ተሻግሮ ፀሐይን ጋረደ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ከቤት ማውጣት ፈሩ። ሱዛን ፔጅና ጃክ ሪሊ የተባሉት እንግሊዛውያን ሊቃውንት በዚያው በካሊማንታን ከፓላንካ ራያ ዩኒቨርሲቲ ከሱዊዶ ሊሚንና ከሌሎችም ጋር ሆነው ያጠኑት ጥናት በ2002 ሲታተም፥ በዚያ ዓመት በኢንዶኔዥያ ከፒትና ከደን ቃጠሎ የወጣው ካርቦን መላው ዓለም በዓመት ከሰልና ነዳጅ አቃጥሎ ከሚያወጣው ከመቶ ከ13 እስከ 40 እጅ የሚደርስ እንደ ነበረ ገለጠ። ሊሚን ምሁር ብቻ አልነበሩም፤ የመንደሩን ሰዎች አደራጅተው እሳት የሚያጠፋ ቡድን ያቋቋሙ፥ በ2016 እስካረፉ ድረስም ለዚያ መሬት የደከሙ ሰው ነበሩ። ዛሬ በዚያ አገር የሚሠራው ዋና ሥራ የተቈፈረውን ቦይ መልሶ መድፈን ነው። በቈፈሩት ገንዘብ መድፈኛው ቢሸፈን ኖሮ ምንኛ በቀለለ!

እንግዲህ የተቃጠለው ያልተቃጠለውን ሊያስተምር ይችል ዘንድ፥ በመጋቢት ወር 2018 ሁለቱ የኮንጎ አገሮችና ኢንዶኔዥያ በብራዛቪል ከተማ ተገናኝተው ይህን ረግረግ ለመጠበቅ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። መልካም ነው፤ ሆኖም ወረቀት ብቻውን ውኃ አይዝም። በሐምሌ ወር 2022 ዴሞክራቲክ ኮንጎ ነዳጅ ዘይት ለሚፈልጉ ኩባንያዎች ይዞታዎችን ለጨረታ አቀረበች፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከፒቱ መሬት ጋር የሚደራረቡ ነበሩ። ጨረታው በ2024 ተሰረዘ፤ በ2025 ደግሞ በሌላ መልክ ተከፈተ። እኛ ከሩቅ ሆነን ያን መንግሥት ለመውቀስ አንቸኩልም። የኮንጎ ልጆችም ትምህርት ቤትና ሐኪም ይሻሉ፤ የዓለምን ካርቦን በነጻ ጠብቁ ተብለው ቢጠየቁ፥ ዓለም ምን ይሰጠናል ብለው መጠየቃቸው ፍርድ ነው። ለዚህ ጥያቄ የበለጸጉት አገሮች የሰጡት መልስ እስካሁን የሚያጠግብ አይመስለንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ የእኛ ጨፌ የኮንጎን ያህል ካርቦን የለውም። ነገር ግን በኛም አገር የሁለት ሕዝቦች ሊቃውንት በአንድ ጨፌ ላይ የተባበሩበት ሥራ አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በአዲስ ዓለም አካባቢ፥ የበርጋ ጨፌ ይገኛል። በክረምት ሣሩ ሲረዝም ከጭብጥ የማትበልጥ፥ ክንፏ ነጭ ያለበት አንዲት ዓይን አፋር ወፍ እዚያ ገብታ ትፈለፍላለች። ይህች ወፍ ከኢትዮጵያ ሌላ በይበልጥ የታወቀችው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፥ በመላው ዓለም ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማያንሱ እንኳ የሚያረጋግጥ የለም፤ ከዚያም በታች እንደሚሆኑ ይገመታል። የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ወፍ አጥኚዎች ዘሯን አነጻጽረው በሁለቱ አገር ባሉት መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት መሆኑን አገኙ። ለብዙ ጊዜ የምትፈለፍለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ በ2018 ግን በደቡብ አፍሪካ ረግረግ ውስጥ የተተከሉ ካሜራዎች እዚያም ጫጩት እንደምታሳድግ አሳዩ። የበርጋ ጨፌ ግን የወፏ ብቻ አይደለም፤ የገበሬውም ግጦሽና ድርቆሽ ነው። ስለዚህ ጥበቃው ያለ ገበሬዎቹ ፈቃድ የሚሆን አልነበረም፤ በደቡብ አፍሪካ ወዳጆች ርዳታም በዚያ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ወፏን ለማየት ከመጣ እንግዳ ይልቅ ይህ ትምህርት ቤት ለበርጋ እናቶች የሚታይ ነገር ነው ብለን እናስባለን።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ከእናንተ መካከል በጨፌ አጠገብ ያደጋችሁ፥ ወይም እዚያ ያደጉ አባትና እናት፥ አያት ያሏችሁ፥ የጨፌውን ስም፥ ውኃው ከክረምት በኋላ እስከ ስንተኛው ወር ይቆይበት እንደ ነበር፥ ምን ዓይነት ሣርና ወፍ ይታይበት እንደ ነበር፥ ዛሬስ በምን ሁኔታ እንዳለ ጠይቃችሁ ብትጽፉልን በዚህ ዓምድ እናወጣዋለን። የኢታንጋ ሰዎች የሚያውቁትን የሚጠይቃቸው እስኪመጣ ድረስ ረጅም ዘመን አልፏል። እኛም ቄጤማ ያመጡልንን እናት የዚያን የታረሰውን ጨፌ ስም ሳንጠይቃቸው ቀረን፤ በሚመጣው ፋሲካ እግዚአብሔር ቢፈቅድ እንጠይቃቸዋለን።